ለሰላምታ ስለተከፈቱት ዐይኖቼ

ገዳሪፍ፣ መስከረም 2002 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጓንጉል
የሰሊጥ ሜዳ ሠፈር ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
የሕክምና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ንግድዎ፣ ያ ሲያስቸግርዎት የነበረው የደም ግፊትዎ እንዴት ናቸው? ክረምቱን በደኅና ተወጡት ወይ? ከጭቃው፣ ከትንኙና ከስብሰባው ብዛት እግዚአብሔር ጠብቆ እንዳወጣዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ያለ ስጋት የምጠይቅዎት፣ በወረቀት የሚሰጥ ሰላምታ የሰውን ዐይን እንደማይከፍት በራሴ ላይ ሞክሬ ስላረጋገጥሁ ነው። በአፌ የሰጠሁዎት ሰላምታ ምን እንዳመጣብኝ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ከሁሉ በፊት ሊረዱልኝ የሚገባው ነገር ይህ ነው። እኔ ዕውር አይደለሁም። የዐይኔ ብሌን ጤነኛ ነው፣ ሞራ የለበትም፣ መነጽርም የሚያስፈልገኝ ለጥቃቅን ጽሕፈት ብቻ ነው። የታመመው የዐይኔን ቆብ የሚዘጋው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ሳላዘው እየተኮማተረ ቆቡን ጥርቅም ያደርገዋል፤ እኔም ጤነኛ ዐይን ይዤ በገዛ ቆቤ ታስሬ እቀመጣለሁ። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው መድኃኒት ቦቱሊነም የሚባል መርዝ ሲሆን፣ እጅግ በጥቂቱ ተለክቶ በዐይን ዙሪያ በቀጭን መርፌ ሲወጋ ጡንቻውን ያላላዋል። በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅለውም። ሦስት ወር ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ኃይሉ ያልቃል፣ እንደገና ይወጋል። ተመልሶ መወጋት የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እንጂ ውድቀቱ አይደለም። ምሳውን የበላ ሰው ማታ ሲርበው፣ ምሳው አልሠራም ተብሎ እራት አይከለከልም። ይህን ለአራተኛ ክፍል ባስተምር ኖሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባቸው ነበር፤ ኮሚቴዎ በዕድሜም በሥልጣንም የገፋ ስለሆነ ግን ቸኩዬ አላስቸገርሁትም፣ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁት።

ማን መሆኔን ዘንግተውት ከሆነ፣ በወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ትምህርት ቤት፣ ኋላም እዚሁ ገዳሪፍ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ በዕድሜ የተሰናበትሁት ገሠሠ ክንፈ ነኝ። ሕመሙም የጀመረኝ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። በመጀመሪያ ቆቤ ተርገበገበ፤ ተማሪዎቼም የጠቀስኋቸው መስሏቸው ሳቁ። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ስወጣ ሁለቱም ዐይኖቼ ይጨፈኑ ጀመር። ሱግ በሚሉት የዚህ አገር ገበያ መካከል ዕቃ ስጠይቅ ሻጯን ጠቀሰ ተብዬ ከባሏ ጋር ልንያያዝ ደረስን። ቡዳ ነው ያለኝ አለ፤ የሽንኩርት ውሃ አንጠባጥብበት ያለኝ አለ፤ እኔም ሰው ላለማስቀየም ብዬ አንጠባጠብሁ። በመጨረሻ ከካርቱም በየሦስት ወሩ ወደ ገዳሪፍ የምትመጣው የነርቭ ሐኪም፣ ዶክተር ኢንቲሳር፣ አንድ ጊዜ አይታኝ በሽታውን በስሙ ጠራችው፣ መርፌውንም ወጋችኝ። በሳምንቱ ጠዋት ስነቃ ዐይኔ በራሱ ተከፈተ። ከአጠገቤ ባለቤቴ ባንቺአየሁ ተኝታ ነበር፤ ፀጉሯን አየሁት፣ ሸብቷል። ሳላያት ነው የሸበተችው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ የሚሰጠን በካርቱም ያለ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ሕመምተኛው በእውነት ሕመምተኛ መሆኑን የሚመሰክር የማኅበሩን ድጋፍ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት በእኔ ዐይን ቆብና በዓለም ብርሃን መካከል የእርስዎ ፊርማ ቆሞ ይገኛል። ለዚህ ዕድል ያበቃን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ቅሬታዎቼን፣ እንደ ልማዴ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዳንሁበት ዕለት ላመሰግንዎት እወዳለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰሊጡ ሲታጨድ፣ ኮሚቴዎ ሕመምተኞችን በዐይኑ አይቶ ለማጣራት ጠራን። እኔ መርፌውን ከተወጋሁ ገና ሁለት ሳምንት ስለነበረኝ፣ ያለ መሪ በእግሬ መጣሁ፣ ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብሁ፣ እዚያ ላይ ያለውን የቁጥር ስሕተትም በትሕትና ጠቆምሁ። እርስዎም ፊቴን ትክ ብለው ተመለከቱና፣ አስተማሪን በዚህ አገር አጠራር እየጠሩ፣ «ኡስታዝ፣ ይኸው አይደለም እንዴ ዐይንዎ! ኻላስ፣ ድነዋል! እግዜር ይመስገን በሉ!» አሉ፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበልኝ። መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው ብዬ ብናገር፣ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ጀማሉ «ሰው እንዴት ዳንህ ሲሉት ይከፋዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።  ስሜ ከተረጂዎች መካከል ተሠረዘ። በጥር ወር ዐይኔ ተመልሶ ተዘጋ፤ ሱግ ዳር ከቆመ ራክሻ፣ ከባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ጋር ተጋጭቼ ግንባሬ ተፈነከተ። ዶክተር ኢንቲሳር ራሷ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥታ ሦስቱን ወር አስረድታ ባታስመልሰኝ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ዳንህ እንደተባልሁ ግድግዳ ስዳብስ እኖር ነበር። ያ ጭብጨባ ግን ልብ የሚነካ ነበር። በሕይወቴ ሰው አጨብጭቦ ያሳወረኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የማኅበሩን ማቀዝቀዣ ይመለከታል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ስጽፍ ቃላቴ ቢሻክሩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት የርዳታ ብርድ ልብስ ጠፍቶ ሠፈሩ በሐሜት በታመሰ ጊዜ፣ በማኅበሩ ስም የመጣ ማናቸውም ነገር በአባላት ፊት ሳይታይ እንዳይታደል ደነገጋችሁ። ደንቡ ለብርድ ልብስ መልካም ነው። ብርድ ልብስ ሰው ሲያየው አይበላሽም። የእኔ መድኃኒት ግን ከፋብሪካው እስከ ቆቤ ድረስ በቅዝቃዜ መጓዝ ያለበት ስለሆነ፣ ከዚህኛው በፊት በነበረው ክረምት በበረዶ ሣጥን ከካርቱም ሲደርስ፣ ዶክተሯ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ይቀመጥ አለች። እርስዎ «ሰው ሳያየው ጤና ጣቢያ ከገባማ ተሰረቀ ይሉናል» ብለው ወደ ማኅበሩ መዝናኛ ክበብ አስመጡት። እዚያም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ታየ። ከጣት ጫፍ የማይበልጠውን ብልቃጥ ሰው ሁሉ እያነሣ በብርሃን አየው፣ አንዳንዱም ነቀነቀው፣ አንዲት እናት ለበረከት ይሁን ለማወቅ እንጃ ግንባራቸውን አስነኩት። ከዚያ በኋላ በክበቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጠርሙሶች ጎን፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ካልታወቀ ጉበት ሥር አስቀመጣችሁት። ያ ጉበት ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ዞሮ ነበር ይላሉ ያዩት። ውሃው በብልቃጡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በዐይኔ ዙሪያ ሊወጋ የመጣ መድኃኒት፣ ክቡር ሆይ፣ በበሰበሰ ጉበት ጭማቂ ተለውሶ ነበር፤ ማኅበሩ ግን አልተሰረቀም።

የሆነውን ቀጥሎ የነገረን አቶ ጀማሉ ራሱ ነው፤ ሊደብቀው አልሞከረም፣ እንዲያውም በኩራት ነበር የሚያወራው። በዚያ ሰንበት ማታ ላይ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ አልሸከም አለ፤ የኳስ ጨዋታውም ሊጀመር ነበር። «ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እኔ ፍሪጁን ነቅዬ ጨዋታውን አተረፍኩት» ብሎ ባደባባይ ተናግሯል፤ ብዙዎችም አመስግነውታል። ማቀዝቀዣው ተመልሶ የተሰካው በማግስቱ ለስላሳው ሞቀ የሚል ስሞታ ሲነሣ ነው። ስለ ብልቃጡ የተነሣ ስሞታ አልነበረም፤ ብልቃጥ አይጮኽም። ያን መድኃኒት ተወጋሁ። መርፌው እንደ ወትሮው አመመኝ፣ ቆቤ እንደ ወትሮው አበጠ፣ ዐይኔ ግን አልተከፈተም። ባንቺአየሁ ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ?» ትለኛለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ኋላ መጠየቋን ተወችው።

በዚህ ጊዜ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ፣ «ስምንት ዓመት ተወግቶ መድኃኒቱን ሰውነቱ ስለለመደው ከእንግዲህ አይሠራለትም» የሚል የሕክምና ግኝት አወጣ። የተሰበሰባችሁት አንድ የሰሊጥ ነጋዴ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ የጭነት መኪና ባለቤትና አቶ ጀማሉ ናችሁ፤ ዕውቀታችሁን ዝቅ አላደርግም። ዶክተር ኢንቲሳርን ብትጠይቋት ግን ለእኔ የነገረችኝን ትነግራችሁ ነበር። ሰውነት መድኃኒቱን አልቀበል የሚልበት ጊዜ አለ፣ ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው፤ እሷ ለብዙ ዓመት ደጋግማ የወጋቻቸው ሰዎች ዐይናቸው ዛሬም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ይከፈታል፤ ቆብ ትንሽ የሚወርድበት፣ ዐይኑ የሚደርቅበት፣ ለጥቂት ቀን አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ሰው ይኖራል፤ ይህም ያልፋል። መድኃኒቱ በድንገት አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰውነቱ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ነው። እውነትም ውሳኔያችሁ ካርቱም ሳይደርስ የተላከው የሚቀጥለው ብልቃጥ፣ የክበቡ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ስለነበር ብቻ፣ በጤና ጣቢያው ተቀመጠ፤ እኔም በሳምንቱ ዐይኔን ከፍቼ ማኅበሩ ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን የጨዋታ መርሐ ግብር አነበብሁ። ስለ ማቀዝቀዣው መበላሸት ለማኅበሩ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እዚህ ላይ መግለጽ ይኖርብኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ማኅበሩ ለዐይኔ ካደረገው ነገር ከፍ ያለው እሱ ነው።

ሦስተኛውና ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ነገር ባለፈው ነሐሴ የሆነው ነው።

በዚያ ዕለት የመርፌው ኃይል ካለቀ ሰንብቶ ስለነበር፣ ባንቺአየሁ እጄን ይዛ፣ ጭቃውን እያዞረችኝ ወደ ስብሰባችሁ አመጣችኝ። በእኛ ሠፈር ሽማግሌ ወደ ሰው መካከል ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ሰላምታ አለ፣ እዚህ አገር የተማርነውም አለ፣ አንዱንም ማስቀረት አይሆንልንም። እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ እጁን በትከሻው ላይ አኑሮ፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን በአማርኛ ጠይቆ፣ ሲጨርስ ደግሞ ኬፍ ሐልክ፣ ተማም፣ አውላዱስ እያለ በዓረብኛ እንደገና ያልጀመረ ሰው ኩሩ ይባላል። እኔም ትከሻችሁን በዳበሳ እያገኘሁ ሁላችሁንም በዚህ ሥርዓት ሰላም አልሁ። በመካከሉ ዐይኔ ተከፈተ።

ይህ ሕመም እንዲህ ያለ እንግዳ ጠባይ አለው። አንዳንዱ ሕመምተኛ ጮክ ብሎ ሲናገር፣ አንዳንዱ ሲዘፍን፣ አንዳንዱ ጆሮ ግንዱን ሲነካ ጡንቻው ለጥቂት ጊዜ ይታለልና ቆቡን ይለቃል። ነገሩ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ዶክተር ኢንቲሳር እንዲያውም በሽታውን የምትለይበት አንዱ ምልክት ይኸው መሆኑን ነግራኛለች። እኔን የሚከፍተኝ የገዛ ድምፄ ነው። ስለዚህ ሰላምታዬን ጨርሼ፣ ወንበር ተሰጥቶኝ፣ ዝም ስል፣ ቆቤ እንደ ልማዱ ተከደነ።

አቶ ጀማሉ እጁን አጨብጭቦ ተነሣ። «አያችሁት? ዘጋው እኮ! ወላሂ፣ ሲያወራ ያያል፣ ሲጠየቅ ይታወራል!» አለ። አንዱ ደግሞ ከጥግ፣ «ኡስታዝ፣ እስቲ እኔንም ድገሙኝና ሰላም በሉኝ፣ ይከፈትልዎ» አለኝ። እኔ ሞኙ፣ ሰላም ሳልለው ያለፍሁት ሰው መስሎኝ ደንግጬ፣ ከቤቱ እስከ ከብቱ አዳርሼ ሰላም አልሁት። ዐይኔም ተከፈተ፤ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ በሰው አካል ላይ እንዲህ የተሳቀበትን ክፍል አላስታውስም፤ ቢኖር ኖሮ የሳቁት ወላጅ ሳያመጡ አይገቡም ነበር።

እርስዎ ግን አልሳቁም፤ ይህን እመሰክርልዎታለሁ። ከፊትዎ ከነበረው የፉል ሳህን እጅዎን አንሥተው፣ «ቆይ፣ በእውነት መዘጋቱን እኔ ራሴ ላረጋግጥ» ብለው መጡና፣ በዘይት፣ በሽንኩርትና በሻጣ የራሰ አውራ ጣትዎን በግራ ዐይኔ ቆብ ላይ አሳርፈው ወደ ላይ ገለበጡት። ከዚህ አገር ርቆ ይህን የሚያነብ ሰው ቢኖር፣ ሻጣ ማለት ፉል ላይ የሚነሰነስ የሚያቃጥል በርበሬ ነው። ስለ ቃጠሎው አልናገርም፤ ቃጠሎ ያልፋል። የማይለቀኝ ሌላው ነው፤ የሞቀው ዘይት በጉንጬ ላይ ሲወርድ፣ ትንፋሽዎ ከነሽንኩርቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ፣ ከጥፍርዎ ሥር የወጣ የባቄላ ልጣጭ በሽፋሽፍቴ ላይ ተለጥፎ ሲቀር። ባንቺአየሁ በነጠላዋ ጫፍ አንሥታልኛለች፤ ነጠላውን ሁለት ጊዜ አጥባው እስከ ዛሬ አልለበሰችውም። እርስዎም ዐይኔ ሲያነባ አይተው «ያነባል፣ እንግዲያው ደኅና ነው» ብለው ወደ ምግብዎ ተመለሱ። እጅዎን ሲታጠቡ አልሰማሁም። ሲበሉ ግን ሰማሁ።

በማግስቱ ውሳኔው ቤቴ ድረስ መጣልኝ፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። የምታነብልኝ ባንቺአየሁ ስለሆነች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። ማኅበሩ ከእንግዲህ ድጋፍ እንደማይሰጠኝ፣ ለካርቱሙም ድርጅት ይኸው እንደሚገለጽለት ካነበበች በኋላ ምክንያቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀጥይ ብላት፣ «ይችን ቃል እኔ ላንተ አላነብልህም። የጻፉት መጥተው ያንብቡልህ» አለችኝ። እኔ ግን ቃሉን ከዚያ በፊት በሱግ ሰምቼው ነበር፤ አቶ ጀማሉ ከእናንተ ውሳኔ ይልቅ ፈጣን ነው። ቃሉ «አስመሳይ» የሚል ነው።

የሒሳብ አስተማሪ እንደመሆኔ የኮሚቴውን ሥራ ደምሬ ማየት ልማዴ ነው። በመጀመሪያ ድኗል አላችሁ። ቀጥላችሁ አይድንም አላችሁ። በመጨረሻ ድሮም አልታመመም አላችሁ። ሦስቱም ፍርድ የተሰጠው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ሦስቱም ያደረሱት መልስ አንድ ነው፣ መርፌው ይቅር የሚል። ተማሪ ሦስት ዓይነት ስሌት ሠርቶ ሁልጊዜ አንድ መልስ ላይ ሲደርስ፣ እኛ አስተማሪዎች መልሱን ከየት እንደቀዳው እንጠይቃለን። እርስዎን ግን ክብርዎ ስለሚያግደኝ አልጠይቅም። ይልቅስ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግሩኝ እለምናለሁ፤ የተከፈተ ዐይን ለመዳን ማስረጃ ከሆነ፣ የተዘጋ ዐይን ለመድኃኒቱ ከንቱነት ማስረጃ ከሆነ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ የታየ ደግሞ ለማጭበርበር ማስረጃ ከሆነ፣ ለመርፌ የሚያበቃ ዐይን ምን ሆኖ መቅረብ አለበት? ተነግሮኝ ለመለማመድ ዝግጁ ነኝ።

ሲናገር የሚያይ ከሆነ እየተናገረ ይኑር የሚል አሳብ በኮሚቴው ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሞክሬዋለሁ። መንገድ የምሻገረው እየዘመርሁ ነው፤ የራክሻ ነጂዎች ሰክሬ መስሏቸው ይሳደባሉ። ጉሮሮዬ እየደከመ ሲሄድ ጡንቻውም መታለሉን ይተዋል፤ ከቀትር በኋላ ብጮኽም አይከፍተኝም። ቀኑን ሙሉ ያለማቋረጥ መናገር ከሰው አቅም በላይ ነው ብዬ ነበር፤ ኮሚቴዎን ሳስብ ግን ይህን አባባሌን አነሣለሁ።

ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እየተናገርሁ ነው። ለመጻፍ መስመሩን እንዳልስት ገረፍ አድርጎ ማየት ስለሚበቃ እችላለሁ፤ ለማንበብ ግን ዐይን ረግቶ መቆም አለበትና አልችልም። ስለዚህ ከአጥር ማዶ ያሉ ጎረቤቶቼ ከእርስዎ በፊት ደብዳቤውን ሰምተውታል፤ የፉሉ ነገር ላይ ስደርስ አንዲት ሴት «ኧረ ውይ!» ስትል ሰምቻለሁ። ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ የሆነው እርስዎን ለማሳጣት ፈልጌ እንዳይመስልዎት። ሕመሙ በሹክሹክታ መጻፍ የማልችል ሰው አድርጎኝ ነው።

አሁን የምለምንዎትን በአጭሩ ላቅርብ። ዶክተር ኢንቲሳር መንገዱ ሲደርቅ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ወደ ገዳሪፍ ትመጣለች። የማኅበሩ ድጋፍ ከዚያ በፊት ወደ ካርቱም ካልደረሰ የእኔ ብልቃጥ ከእሷ ጋር አይመጣም፤ ከዚያ በኋላ እሷን ለማግኘት ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተሽጦ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ድጋፉን ይጻፉልኝ። ብልቃጡ በጤና ጣቢያው ይቀመጥ፤ አባላት ማየት ካለባቸው ተሰልፈው እዚያው ይዩት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዳቸው ሰላምታ እሰጣለሁ። የተጻፈብኝም ቃል እንዲነሣ እጠይቃለሁ። ኮሚቴው ስሕተት መሥራቱን ይመን አላልሁም፤ የማይቻለውን መጠየቅ የአስተማሪ ጠባይ አይደለም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ምርመራዎ፣ በግራ ዐይኔም ላይ ስላሳረፉት አባታዊ አውራ ጣት ያለኝን ምስጋና እየደጋገምሁ፣ ሳሙናና ውሃ ከቤትዎ እንዳይጠፋ፣ የደም ግፊትዎም እንዲረግብ እየጸለይሁ፣

ከሙሉ አክብሮት ጋር፣ ነገር ግን ያለ ሰላምታ፣

ገሠሠ ክንፈ
በአንድ ወቅት የዳነ፣ ቀጥሎ የማይድን፣ አሁን አስመሳይ የሆነ የሒሳብ መምህር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኮሚቴዎ እንደገና ሊያየኝ ቢጠራኝ እመጣለሁ። ስገባ ግን የማንንም ቤት፣ ልጅና ከብት አልጠይቅም፣ የማንንም ትከሻ አልነካም፤ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ኩሩ ብትሉኝ ለኩራት መድኃኒት አልፈልግም። ሰላምታዬን ውሎ አድሮ ዐይኔ በመርፌው ሲከፈት፣ ፊታችሁን እያየሁ ስለምሰጣችሁ፣ እስከዚያው ደኅና ቦታ ተቀምጦላችኋል፤ በክበቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳልሆነ ላረጋግጥልዎት እወዳለሁ። የሚልኩልኝንም መልስ የምታነብልኝ ባንቺአየሁ ናት። እንግዲህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መካከሉ ላይ ሳትቆም፣ ለባሏ ጮክ ብላ ልታነበው የምትችለውን መልስ፣ ዶክተሯ ከካርቱም ሳትነሣ፣ ቶሎ ይላኩልኝ።